ዓይኑን ጨፍኖ የሚያየን ሰው

መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ ያለው

ትርጉም ፍለጋ ከመሮጣችን በፊት የሚታየውን እንቁጠር። ከወገቡ በላይ የተራቆተ ሰው ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ተቀምጧል። ከወገቡ በታች ጨርቅ ለብሷል፤ እጆቹ ተጣምረዋል፤ ዓይኖቹ ተጨፍነዋል። አጠገቡ ሰፊ የገለባ ባርኔጣ ይታያል። ደረቱ ነጣ ያለ ሲሆን ፊቱና እጆቹ ግን ጠቁረዋል። ምስሉን ብቻ ያየ ሰው «እንቅልፍ ወስዶታል» ቢል አልፈርድበትም።

ሰውየው ኢፖሊት ባያር ይባላል። በፓሪስ የገንዘብ ሚኒስቴር ሠራተኛ ነበር። ፎቶውን ያነሳው ራሱ ነው፤ ቀኑም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 18 ቀን 1840 ነው።

ጀርባው ላይ የጻፈው

ወረቀቱን ስንገለብጥ ነገሩ ይለወጣል። ባያር በገዛ እጁ እንዳሰፈረው የምናየው አስከሬን ነው፤ የባያር አስከሬን። መንግሥት ሌላ የፎቶ ዘዴ ላገኘው ለዳጌር አብዝቶ ሰጥቶ ለእሱ ምንም ማድረግ እንደማይችል ስለነገረው፣ ምስኪኑ ራሱን ውኃ ውስጥ ጥሎ ሞተ ይላል። ሬሳው ለቀናት ቢቀመጥም የሚያውቀውና የሚወስደው ዘመድ አልተገኘም። ከዚያ ተመልካቾቹን በአክብሮት «እለፉ» ይላቸዋል፤ ፊቱና እጆቹ መበስበስ ስለጀመሩ ሽታው እንዳያስቸግራቸው። ሟቹ ይህን ሁሉ ጽፎ ሲያበቃ ቀኑንና የስሙን መነሻ ፊደላት አኑሯል!

ቅሬታው መሠረት ነበረው። ባያር ምስልን በቀጥታ ወረቀት ላይ የሚያወጣበትን የራሱን ዘዴ አግኝቶ በጁን 1839 ፓሪስ ውስጥ 30 ፎቶዎች ለሕዝብ አሳይቷል። የዳጌር ዘዴ አሠራር በይፋ የተገለጸው ከዚያ በኋላ፣ በኦገስት ነው። ነገር ግን ተሰሚነት የነበረው የሳይንስ ሰው ፍራንስዋ አራጎ የዳጌር ደጋፊ ነበር። ዳጌር በዓመት 6,000 ፍራንክ ጡረታ ሲቆረጥለት፣ ባያር መሣሪያ እንዲገዛበት 600 ፍራንክ ተሰጠው።

ፊትና እጅ ለምን ጠቆረ?

እዚህ ላይ ኬሚስትሪው ከቀልዱ ጋር ይገጥማል። ባያር በብር ጨው የተቀባ ወረቀት ፀሐይ ላይ አጥቁሮ፣ በአዮዳይድ ነክሮ ካሜራው ውስጥ ያስገባዋል። ብርሃን ያገኘው ቦታ ይነጣል፤ ያላገኘው እንደጠቆረ ይቀራል። ይህ ወረቀት ከሁሉ ይልቅ የሚሰማው ሰማያዊ ብርሃን ነው። ፀሐይ ያቀላው ቆዳ ደግሞ ሰማያዊ ብርሃንን እምብዛም አይመልስም፤ ስለዚህ በልብስ ተሸፍኖ የከረመው ደረት ሲነጣ ፊትና እጅ ጠቆሩ። ባያር የወረቀቱን ጉድለት አይቶ «ብስባሴ» የሚል ስም አወጣለት።

የተጨፈነው ዓይን

ዓይኑም እንዲሁ ነው። ምስሉ እስኪወጣ ብዙ ደቂቃ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ ያስፈልግ ነበር። ያን ያህል ጊዜ ሳያርገበግብ የሚቆይ ዓይን ስለሌለ፣ የተገለጠ ዓይን የመደብዘዝ ዕጣ ነበረበት። በእኔ ግምት ባያር ዓይኑን የጨፈነው መጀመሪያ ስለተገደደ ነው፤ ብልሃቱ የተጨፈነ ዓይን የሚያስፈልገው ታሪክ ማግኘቱ ላይ ነው። ሬሳ አያርገበግብም።

ከእሱ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በ1839፣ ፊላደልፊያ ውስጥ ሮበርት ኮርኔሊየስ ራሱን በዳጌር ዘዴ አንስቷል። ጸጉሩ ተንጨባሮ፣ ከምስሉ መሀል ወጣ ብሎ ቆሟል። ዓይኑ ክፍት ነው። እሱን ስናይ የሚያየን ወይም ሊያየን የቀረበ ሰው ፊት መሆናችን ይሰማናልና ትንሽ እንጠነቀቃለን። የባያር ምስል ላይ ይህ ጥንቃቄ የለም። ማንም አያየንም ብለን የተራቆተው ገላ ላይ እንዳሻን እናፈጣለን።

በዚያ ዘመን የፓሪስ ሰው ይህን ልማድ ያውቀው ነበር። ማንነታቸው ያልታወቀ ሬሳዎች፣ ከሴን ወንዝ የሚወጡትም ጭምር፣ ዘመድ እንዲለያቸው በከተማዋ የሬሳ ማቆያ ቤት ለሕዝብ ይታዩ ነበር። ከዘመድ ይልቅ ግን ለወሬ የሚመጣው ይበዛ ነበር። ባያር በፎቶው ጀርባ ላይ ያናገረው እነዚህን ነው፤ ፎቶውን የያዝነው እኛም ከእነሱ ጋር ተሰልፈናል። ከፊቱ ላይ ያጣነውን እይታ ያገኘነው በጀርባው ጽሑፍ ውስጥ ነው። ዓይኑ አላየንም፤ እጁ ግን ስናፈጥ ይዞናል።

ስለዚህ ይህን ምስል የራስ ማጥፋት ኑዛዜ አድርገው በሐዘን ብቻ የሚያነቡት ሰዎች ግማሹን ይስቱታል። ምሬቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚያሽሟጥጥ ምሬት ነው። ባያር ከዚህ «ሞት» በኋላ ለመንግሥት የሕንፃ ቅርሶችን ፎቶ አንስቷል፤ የፈረንሳይ ፎቶግራፍ ማኅበርን ከመሠረቱትም አንዱ ነው። ያረፈው በ1887፣ በ86 ዓመቱ ነው። ትዕይንቱንም በአንድ ፎቶ አላበቃም፤ በጥቂቱ የሚለያዩ ሌሎች ቅጂዎችም አሉት። ሬሳው በየመካከሉ ተነስቶ አዲስ ወረቀት ያዘጋጅ ነበር ማለት ነው።