የጅግራን እንቁላል በመፈልፈያ ሣጥን ማስፈልፈል

ድርቅ የጨረሰውን ከብት ለመተካት ዓመታት ያስፈልጋሉ፤ የቤት አዕዋፍ ግን በጥቂት ወራት ይራባሉ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. የተካሄደው ሠፈራ ብዙ የደጋ ገበሬዎችን እንደ መተከልና ጋምቤላ ወዳሉ ቆላማ ሥፍራዎች አዛውሯል። ጅግራ የአፍሪካ ተወላጅ ስለሆነች ለእንዲህ ዓይነቱ ሥፍራ ትስማማለች። ይሁን እንጂ ወደ መፈልፈያ ሣጥን የሚገባ እንቁላል ሁሉ ከሕፃን ገበታ የተቀነሰ ምግብ ነው። ስለሆነም ሥራው ሊጀመር የሚገባው የማያቋርጥ ሙቀት፣ ተረኛ ጠባቂና የጫጩት ቀለብ አስቀድመው ሲሟሉ ብቻ ነው።

ሀ. የእንቁላል መረጣ

እንቁላሉ ከለማዳ መንጋ እንጂ ከዱር ጎጆ መወሰድ የለበትም። ያልተሰነጠቀና ንጹሕ ሆኖ፣ ከተጣለ ከ7 ቀን ያልበለጠው ይመረጣል። እስኪገባ ድረስ ሰፊው ጫፍ ወደ ላይ ሆኖ በቀዝቃዛ ሥፍራ ይቀመጣል።

ለ. ሙቀት፣ እርጥበትና ማገላበጥ

ሣጥኑ እንቁላል ከመግባቱ በፊት አንድ ቀን ሙሉ እየሞቀ ይፈተናል። አየር ማዘዋወሪያ ያለው ሣጥን 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይጠበቃል። ማዘዋወሪያ ለሌለው፣ በእንቁላሉ አናት ልክ ሲለካ፣ 38.5 ያህል ይሆናል። ከመጠን ያለፈ ሙቀት ከአጭር ጊዜ ቅዝቃዜ ይልቅ ፅንሱን ፈጥኖ ስለሚገድል ሣጥኑን ፀሐይ በሚያገኘው ሥፍራ ማኖር አይገባም።

እንቁላሉ በአንድ ጎኑ በእርሳስ ምልክት ተደርጎበት በቀን ቢያንስ 3 ጊዜ ይገላበጣል። በ10ኛው ቀን በጨለማ ክፍል በባትሪ ብርሃን ይመረመራል፤ ቅርፊቱ ወፍራም በመሆኑ ኃይለኛ ብርሃን ያስፈልጋል። ፅንስ የሌለበት ይወገዳል። እርጥበቱ እስከ 25ኛው ቀን 55 በመቶ ያህል ሆኖ ይቆያል። ከዚያ በኋላ ማገላበጡ ይቆምና እርጥበቱ ወደ 65 በመቶና ከዚያ በላይ ከፍ ይላል። ጫጩቶቹ ከ26 እስከ 28 ባሉት ቀናት ይፈለፈላሉ፤ በዚህ ወቅት ሣጥኑ አይከፈትም። የዶሮ እንቁላል በ21 ቀን ስለሚፈለፈል ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማስገባት ሥራውን ያበላሻል።

ሐ. ከተፈለፈሉ በኋላ

ብዙው ጥፋት የሚደርሰው በዚህ ጊዜ ነው። የጅግራ ጫጩት ብርድና እርጥበት አይችልም። በመጀመሪያው ሳምንት 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፤ ከዚያም በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነሳል። እንዳይሰምጥ የውሃው ሳሕን ጎድጓዳ መሆን የለበትም፤ ጠጠርም ይጨመርበታል። ቀለቡ ከዶሮ ጫጩት ቀለብ የበለጠ ፕሮቲን ይሻል፤ በምዕራብ አፍሪካ ገበሬዎች ለዚህ ምስጥ ይጠቀማሉ።

መ. ለኃላፊዎች

መብራት በሚቋረጥበትና ጠባቂ በማይገኝበት ጣቢያ ሣጥን ከማደል ይልቅ ለመታቀፍ የደረሰች የአገር ዶሮ ብትመረጥ ይሻላል፤ ሙቀቱንም ማገላበጡንም በራሷ ታከናውናለችና። በሁለቱም ዘዴ የገባው እንቁላል፣ የተፈለፈለው ጫጩትና በ6ኛው ሳምንት በሕይወት ያለው ቁጥር ለየብቻ ይመዝገብ። የተፈለፈለው ብቻ ከተቆጠረ ሪፖርቱ ያማረ ይመስላል፤ የሠፋሪውን ቤት የሚጠቅመው ግን በሕይወት የተረፈው ነው።