እጅ ይቅደም፣ ልብ ይከተላል

«እኔ እንኳ ደግነት አልተሰጠኝም፤ ተፈጥሮዬ ቁጡ ነው» የሚል ሰው ሳያጋጥማችሁ አይቀርም። ምናልባት እናንተው ራሳችሁ ብላችሁት ይሆናል። እንግዲያው ዛሬ የምሥራች አለኝ። የአይሁድ ሊቃውንት ለብዙ መቶ ዓመታት ሲያስተምሩ እንደኖሩት፣ ደግነት እየሠሩት የሚለመድ ነገር ነው። ልባችሁ እስኪሞቅ አትጠብቁ። እጃችሁ ይጀምር፤ ልብ ይደርስበታል።

ይህን አጥርተው ካስቀመጡት አንዱ ራምባም ናቸው። ራምባም ስፔን ተወልደው እ.ኤ.አ. በ1204 ግብፅ ውስጥ ያረፉ ሐኪምና የሕግ ሊቅ ነበሩ። እንዲህ ያለ ሒሳብ ያቀርባሉ። አንድ ሰው አንድ ሺህ ወርቅ ቢኖረውና ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለአንድ ችግረኛ ቢሰጥ ይሻላል፣ ወይስ አንድ አንዷን ሺህ ጊዜ ቢሰጥ? ሺህ ጊዜ መስጠቱ ይሻላል ነው መልሳቸው። ገንዘቡ ያው ነው፤ ሰጪው ግን ያው አይሆንም። ሁሉን በአንድ ቀን የሰጠው ሰው ልቡ አንዴ ተነሥቶ ተመልሶ ይተኛል። ሺህ ጊዜ እጁን የዘረጋው ሰው ግን መስጠት ባሕርዩ ይሆናል። ይህ ትምህርት ደመወዙ ከወር ወር ለማያደርሰው ሰው በሩን ወለል አድርጎ ስለሚከፍትለት እጅግ ደስ ይለኛል። ዛሬ አንድ ብር፣ ነገ አንድ ስልክ፣ ከነገ ወዲያ አንድ ሞቅ ያለ ሰላምታ ያለው ሁሉ መማር ይችላል።

ሰላምታን ካነሣን አይቀር፣ ረቢ ዮሐናን ቤን ዛካይን ላንሣላችሁ። የኖሩት ሮማውያን እ.ኤ.አ. በ70 የኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደስ ባፈረሱበት ዘመን ነው። ደቀ መዝሙራቸው ፍርስራሹን አይቶ «ኃጢአታችን የሚሰረይበት ቦታ ጠፋ» ብሎ ሲያዝን፣ ከዚያ የማያንስ ሌላ ማስተስረያ አለን፣ እሱም የደግነት ሥራ ነው ብለው አጽናኑት። እኚሁ ታላቅ መምህር ገበያ ሲወጡ በሰላምታ የቀደማቸው ሰው አልነበረም ይባላል። ወገንም ይሁን ባዕድ፣ ሁሌ ቀዳሚው እሳቸው ነበሩ።

«ለሚወደኝ ሰው ደግ መሆን አያቅተኝም፤ ችግሬ ከማልወደው ጋር ነው» ትሉ ይሆናል። ለዚህም ሊቃውንቱ መልስ አላቸው፤ ከሁሉ አስበልጬ የምወደው ይህንኑ ነው። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 23 የጠላቱን አህያ ሸክም ከብዶት ወድቆ ያየ ሰው ጥሎ እንዳይሄድ፣ እንዲያግዝ ያዝዛል። ታልሙድ የተባለው የአይሁድ የሕግና የትውፊት መጽሐፍ መምህራን ነገሩን አንድ እርምጃ ወደፊት ወሰዱት። መንገድ ላይ ሁለት አህዮች አገኘህ። የወዳጅህን ማራገፍ፣ የጠላትህን መጫን ያስፈልጋል። የቱን ታስቀድማለህ? ሸክም የከበደው እንስሳ እየተሠቃየ ስለሆነ በደንቡ ማራገፍ ይቀድማል። እዚህ ላይ ግን «የጠላትህን አህያ ጫን» አሉ። ምክንያቱም የራስህ ክፉ ዝንባሌ መገራት አለበት።

አህያ ጭኖ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል። አንዱ ከዚህ፣ አንዱ ከዚያ ጎን ቆመው እኩል ማንሣት አለባቸው፤ መጫኛውን በሆዱ ሥር ማቀበል፣ መሳብ፣ ማጥበቅ አለ። ያ የተኮራረፋችሁት ሰው ከአህያው ማዶ ቆሟል። «በል አንሣ!» ማለት ግድ ነው። «ያዝ፣ ወደ አንተ አዘነበለ» ማለትም ግድ ነው። ጭነቱ እስኪስተካከል ሁለታችሁንም ላብ አጥምቋችኋል፤ ጥቂት ቃላትም ተለዋውጣችኋል። ይቅርታ የጠየቀ የለም፤ ሽማግሌም አልተቀመጠም። በማግስቱ መንገድ ላይ ስትገናኙ ግን ፊት ማዞር ይከብዳል።

ቢሮ ለምትውሉ አህያው ወረቀት የነከሰው ፕሪንተር ነው። የማትነጋገሩት ባልደረባችሁ ብቻውን ሲታገለው ካያችሁ ተነሡና ክዳኑን ያዙለት። ስለ ቂሙ ዛሬ አታንሡ፤ ወረቀቱን ብቻ አብራችሁ አውጡ።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ረቢ ኤልያሁ ዴስለር የጻፉት ነገር ይህንኑ ያጠነክራል። ሰው ለሚወደው የሚሰጥ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ራሱ የሰጠውን ሰው እየወደደ መሄዱ ነው ይላሉ። ትዳራችሁ፣ ጉርብትናችሁ የቀዘቀዘባችሁ ይህን ለአንድ ሳምንት ሞክሩት።

ደግነት ትልቅ ንግግር አይፈልግም። ከጥንቱ የአይሁድ ሊቅ ከረቢ አኪባ ደቀ መዛሙርት አንዱ በታመመ ጊዜ ማንም ሊጠይቀው አልሄደም። መምህሩ ራሳቸው ሄዱ። እሳቸው በመሄዳቸው ክፍሉ ተጠረገ፣ ወለሉ ላይ ውኃ ተረጨ። ልጁም ተሻለውና ሕይወቴን የመለሱልኝ እርስዎ ነዎት ብሎ አመሰገናቸው። ያን ያህል ሊቅ ሆነው ለታመመ ተማሪ ያደረጉት ትልቁ ነገር መጥረጊያና ውኃ ሆኖ መገኘቱ ልቤን ይነካዋል። ሕመምተኛ ልንጠይቅ ስንገባ ምን እንደምንል ይጨንቀናል። ይልቅ ዓይናችሁን በክፍሉ ዙሪያ ወርውሩ። ያልታጠበ ብርጭቆ፣ የሞላ የቆሻሻ ቅርጫት፣ ተጽፎ ያልተገዛ መድኃኒት አይጠፋም። ከዚያ ጀምሩ።

እንዲህ ያለው ልምድ የት እንደሚያደርስ ማየት የሚፈልግ የኢየሩሳሌሙን ረቢ አርዬ ሌቪንን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1885 ተወልደው በ1969 ያረፉ ድሃ መምህር ነበሩ። እንግሊዞች አገሩን በሚያስተዳድሩበት ጊዜ በየሰንበቱ በእግራቸው ወደ እስር ቤት ይሄዱ ነበር፤ ለዚህም ደመወዝ አልተቀበሉም። የእስረኛውን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ያዳምጣሉ። በሰንበት መጻፍ ስለማይፈቀድ መልእክቱን በቃላቸው ይይዙና ለእናት፣ ለሚስት ያደርሳሉ። አንድ ቀን ባለቤታቸውን እግራቸውን አሟቸው ሐኪም ዘንድ አብረው ሲገቡ፣ «የባለቤቴ እግር አሞናል» ማለታቸው እስከ ዛሬ ይነገርላቸዋል። የሌላውን ሕመም እንዲህ የራስ አድርጎ መናገር በአንድ ጀምበር አይመጣም። ያንን እስር ቤት ስንት ሰንበት ተመላልሰውበታል!

ወደ ራምባም ልመለስና፣ ምጽዋትን በስምንት ደረጃ ሲከፍሉ ከሁሉ በላይ ያስቀመጡት ሰውን በብድር፣ በሥራ ወይም በሽርክና በእግሩ ማቆምን ነው። አይሁዳውያን በብዙ አገር «ገማኽ» የሚሉት ያለ ወለድ የሚያበድር የሰፈር ማኅበር የዚህ መንፈስ ልጅ ነው። አንዳንዱ ገንዘብ ያበድራል፤ አንዳንዱ የሠርግ ልብስ፣ ወንበር፣ የሕፃን አልጋ ያውሳል። እስራኤል የምትኖሩ አንባቢዎቼ ያድ ሳራን ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1976 ዩሪ ሉፖሊያንስኪ የተባሉ የኢየሩሳሌም መምህር ለታመሙ ሕፃናት የእንፋሎት መሣሪያ ለጎረቤት በማዋስ ጀመሩት። ዛሬ ዊልቸር፣ ክራንች፣ የኦክስጅን መሣሪያ የሚያውስ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች የሚያገለግሉበት ድርጅት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የእስራኤልን ሽልማት አግኝቷል።

እናንተም ቁም ሣጥናችሁን ክፈቱ፤ አልጋ ሥርም እዩ። ስብራቱ ከዳነ ወዲህ ማንም ያልነካው ክራንች፣ ልጁ ያደገበት የሕፃን ጋሪ፣ የእናታችሁ የደም ግፊት መለኪያ ይኖራል። አቧራውን ጥረጉ፣ ፎቶ አንሡና በሰፈራችሁ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ዛሬ ማታ እንዲህ ብላችሁ ለጥፉ፦ «ይህ ዕቃ እኛ ቤት አለ። ለሚያስፈልገው ሰው በነጻ እናውሳለን። ማታ ማታ ቤት ነን፤ አንኳኩ።»