የአመድ ማኖሪያ ዕቃ እንዴት ይመረጣል?

መግቢያ

ሙታንን አፈር ማልበስ በአገራችን በክርስቲያኑም ሆነ በሙስሊሙ ዘንድ ጸንቶ የኖረ ሥርዐት ነው። በመሆኑም አስከሬንን በእሳት አቃጥሎ አመዱን በዕቃ ማኖር ለአብዛኞቻችን እንግዳ ነገር ነው። በሌሎች አገሮች ግን ሁኔታው የተለየ ነው። በጃፓን ከሚሞቱት ሰዎች ከመቶ 99 በላይ የሚሆኑት አስከሬናቸው ይቃጠላል። በአሜሪካም ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቁጥሩ ከግማሽ በላይ ሆኗል። በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ሲያዝን ለማጽናናት ሲሄዱ ይህንኑ ሥርዐት ያያሉ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የትኛው ሥርዐት እንደሚሻል መከራከር አይደለም። ሐዘንተኛ ቤተሰብ ዕቃውን የሚገዛው ልቡ ባልተረጋጋበት ሰዓት ነው። የተገዛው ዕቃ ጠብቦ አመዱ ተርፎ ቢቀር ሐዘኑ ዳግም ይቀሰቀሳል። ይህን ስሕተት ለማስቀረት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምንማረው ኬሚስትሪና ጂኦሜትሪ በቂ መሆኑን ከዚህ በታች እንመለከታለን።

ከእሳቱ በኋላ የሚቀረው ምንድን ነው?

በማቃጠያው ምድጃ ውስጥ ሙቀቱ ከ760 እስከ 980 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ ሥራውም በአማካይ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከሰውነት ክብደት ከግማሽ በላይ የሆነው ውኃ ተንኖ ይጠፋል። ሥጋ፣ ስብና ሌሎችም ካርቦን ያለባቸው ውሑዶች ከኦክስጅን ጋር ተዋሕደው በአብዛኛው ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ወደ ውኃ ትነት ይለወጣሉ። ሳይቃጠል የሚቀረው የአጥንት ማዕድን ሲሆን፣ ይህም በዋናነት ካልሲየም ፎስፌት ነው።

ስለዚህ በልማድ «አመድ» ይባል እንጂ ከምድጃችን እንደምንጠርገው የእንጨት አመድ አይደለም። በአሜሪካና በአውሮፓ ከአጥንቱ ስብርባሪ ውስጥ ብረት ነክ ነገሮች ተለቅመው ከወጡ በኋላ ቀሪው በመፍጫ ይደቅቃል፤ መልኩም ሻካራ አሸዋ የሚመስል ግራጫማ ዱቄት ይሆናል። በጃፓን ግን አይፈጭም። ዘመዶች አጥንቱን በረጃጅም የመመገቢያ እንጨቶች እየለቀሙ፣ ከእግር ጀምረው ወደ ራስ በመሄድ፣ በሸክላ ዕቃ ያኖሩታል።

የአዋቂ ሰው አመድ ከሰውነቱ ክብደት በአማካይ 3.5 ከመቶ ያህል ይሆናል። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 2.5 ኪሎ ግራም ገደማ ይተዋል ማለት ነው። ስብ ምንም ስለማይተው መጠኑን የሚወስነው አጥንት ነው።

የዕቃው ይዘት ምን ያህል ይሁን?

በአሜሪካ ነጋዴዎች የሚሠሩበት የቆየ ስሌት አለ፤ ለአንድ ፓውንድ የሰውነት ክብደት አንድ ኢንች ኩብ ይያዛል። በእኛ መለኪያ ሲመነዘር ለአንድ ኪሎ ግራም 36 ሴንቲ ሜትር ኩብ ያህል ነው። ለ70 ኪሎ ግራም ሰው የሚያስፈልገው ይዘት፣

70 × 36 = 2,520 ሴንቲ ሜትር ኩብ

ማለትም ሁለት ሊትር ተኩል ገደማ ነው። በገበያ ላይ የተለመደው የአዋቂ ዕቃ 200 ኢንች ኩብ፣ ወይም 3.3 ሊትር ያህል ይይዛል።

እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛው ክብደቱን ይመለከታል። ለረጅም ጊዜ የታመመ ሰው ከ70 ወደ 45 ኪሎ ግራም ቢወርድ፣ በብዛት የጠፋው ሥጋና ስብ ነው፤ አጥንቱ በዚያው መጠን አልቀነሰም። በመጨረሻው ክብደት ካሰላን 1,620 ሴንቲ ሜትር ኩብ እናገኛለን፤ ዕቃውም ይጠብባል። ስለዚህ ሰውዬው ጤነኛ ሳለ የነበረው ክብደት ይወሰድ።

ሁለተኛው የውስጥና የውጭ ልክ ልዩነት ነው። ዳያሜትሩ 16፣ ቁመቱ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ የእብነ በረድ ሲሊንደር እንውሰድ። ከውጭ ሲለካ፣

3.14 × 8 × 8 × 20 = 4,019 ሴንቲ ሜትር ኩብ

ይሆናል። ነገር ግን ግድግዳው፣ መቀመጫውና ክዳኑ እያንዳንዳቸው 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቢኖራቸው፣ የውስጡ ይዘት፣

3.14 × 6 × 6 × 16 = 1,809 ሴንቲ ሜትር ኩብ

ብቻ ነው። ግዙፍ የሚመስለው ዕቃ ከመልኩ ግማሽ እንኳ አይይዝም። ገዢው ሻጩን መጠየቅ ያለበት ስለ ውስጡ ይዘት ነው።

ከምን የተሠራ ይሁን?

ይህን የሚወስነው የአመዱ መድረሻ ነው። በቤት ለሚቀመጥ እንጨትም ሆነ ሸክላ ይበቃል። በአውሮፕላን ለሚጓዝ ግን ኤክስሬይ የሚያሳልፍ መሆን አለበት። ጨረሩ በእንጨትና በፕላስቲክ ውስጥ በቀላሉ ያልፋል፤ እፍግታው ከፍተኛ የሆነ ብረትና ወፍራም ድንጋይ ግን ያግደዋል። የአሜሪካ አየር ማረፊያ ፈታሾች ለሟቹ ክብር ሲሉ ዕቃውን አይከፍቱም፤ ውስጡ በኤክስሬይ ካልታየ ደግሞ አያሳልፉትም።

በባሕር ለሚሰጥም፣ ከጨው ወይም ከወረቀት ተሠርቶ በውኃ የሚሟሟ ወይም የሚፈርስ ዕቃ አለ። የአሜሪካ ሕግ ይህ ከባሕር ዳርቻ ቢያንስ በ3 የባሕር ማይል፣ ማለትም በ5.6 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ እንዲፈጸም ያዛል። ዛፍ ሊተክሉበት የሚሹም አሉ። ይሁን እንጂ አመዱ ጠንካራ የአልካሊነት ባሕርይና ብዙ ሶዲየም ስላለው በብዛት ከሥር አጠገብ ከተከመረ ተክሉን ይጎዳል፤ ከብዙ አፈር ጋር መደባለቅ ይኖርበታል።

ሲገዙ

ኬሚስትሪ ለሐዘንተኛው የሚሰጠው ትልቁ ምክር «አትቸኩል» የሚል ነው። ከእሳት የወጣ ማዕድን አይበሰብስም፣ አይሸትም። አመዱ አብዛኛውን ጊዜ ለቤተሰብ የሚሰጠው በፕላስቲክ ከረጢት ተደርጎ በተራ ሣጥን ነው፤ በዚያም ወራት ቢቆይ ምንም አይሆንም። ስለዚህ ቤተሰቡ ረጋ ብሎ ዋጋ ማወዳደር ይችላል። በአሜሪካ ከሌላ ቦታ የተገዛን ዕቃ የቀብር አስፈጻሚው እንዲቀበል ደንቡ ያስገድዳል።

ሌላው ጉዳይ መታወቂያው ነው። ከፍተኛው ሙቀት ዲኤንኤን ስለሚያጠፋ የአመዱን ማንነት በኋላ በምርመራ ማረጋገጥ እጅግ አዳጋች ነው። በዚህ ምክንያት በብዙ ማቃጠያዎች ቁጥር የተቀረጸበት፣ እሳት የሚችል የብረት ምልክት ከአስከሬኑ ጋር አብሮ ይገባል። ይህ ምልክት ከአመዱ ጋር በዕቃው ውስጥ መቀመጥ አለበት።

መልመጃ

አንድ የእንጨት ሣጥን ከውጭ ሲለካ ርዝመቱ 15፣ ወርዱ 12፣ ቁመቱ 14 ሴንቲ ሜትር ነው። የእንጨቱ ውፍረት በሁሉም ጎን 1.5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በጤንነቱ 60 ኪሎ ግራም ይመዝን ለነበረ ሰው ይበቃልን?

መልስ፦ የሚያስፈልገው 60 × 36 = 2,160 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። የውስጡ ይዘት 12 × 9 × 11 = 1,188 ሴንቲ ሜትር ኩብ ስለሆነ አይበቃም። በውጭ ልኩ ብቻ ያሰላ ሰው ግን 2,520 አግኝቶ «ይበቃል» ብሎ ይገዛው ነበር።