አዲስ ነው ለማለት ምን ያስፈልጋል?

ፒያሳ ወርቅ ቤት ያለው አንድ ባለሙያ የአንገት መስቀል በኮምፒዩተር የሚነድፍበትን ዘዴ ፓተንት ልያዝበት ቢል፣ መርማሪው የሚጠይቀው ስለ መስቀሉ ማማር አይደለም፤ ዘዴው ከማመልከቻው ቀን በፊት ይታወቅ እንደ ነበር ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 ይህን የሚመዝነው በዓለም ዙሪያ ነው። በጽሑፍ የታተመ ብቻ ሳይሆን በቃል የተነገረም፣ በሥራ ላይ የዋለም ይቆጠራል።

ዘዴው ሦስት እርምጃ አለው እንበል፦ የሽቦውን ውፍረት መለካት፣ ጥልፉን በስክሪን ላይ መሥራት፣ ወርቁ ቀልጦ ሲቀዘቅዝ የሚኮማተረውን አስልቶ ንድፉን በዚያው ልክ ማስፋት። ሦስቱም አንድ ቀደምት ጽሑፍ ውስጥ አብረው ከተገኙ አዲስነቱ አለቀ። ሁለቱ በአንዱ፣ ሦስተኛው በሌላ ቢገኙ ግን ዘዴው አሁንም አዲስ ነው። ጥያቄው ወደ ሌላ ይዞራል፤ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ሁለቱን ማጣመር አይከብደውም ነበር ወይ? ተከራካሪዎች እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ሲያምታቱ አቤቱታቸው ይላላል፤ በእኔ እምነት ይግባኝ ከማለት በፊት መለየት ያለበት ይኸው ነው።

የጤፍ ጉዳይ ልዩነቱን ያሳያል። አንድ የሆላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 በጤፍ ዱቄት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አገኘ። ጤፉ ከታጨደ በኋላ ቆይቶ እንዲበስል ይደረጋል፤ ሲፈጭ ደግሞ በአንድ የላብራቶሪ መለኪያ ቢያንስ 250 መድረስ አለበት። መለኪያው ሙቅ የዱቄት ብጥብጥ ውስጥ ዘንግ እስኪሰምጥ የሚፈጀው ሰከንድ ነው። የእኛ ገበሬ ጤፉን ከምሮ ሲያቆይ ሰከንድ አይቆጥርም። ስለዚህ «እኛ ድሮም እናውቀዋለን» ማለት ብቻ አዲስነትን አይሰብርም፤ ቀድሞ የነበረው ዱቄት እዚያ ቁጥር ላይ ይደርስ እንደ ነበርም መታየት አለበት።

የፓተንቱ ባለቤት ተወዳዳሪውን በሄግ ፍርድ ቤት ከሰሰ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 ፍርድ ቤቱ ፓተንቱ ፈጠራ የሚያሰኝ እርምጃ የለውም ብሎ ውድቅ አደረገው። ትክክል ነበር፤ እህልን ማቆየትና መፍጨት ለሙያተኛ የታወቀ ነውና። ይሁንና ያኔ የአውሮፓ ፓተንት አንዴ ከተሰጠ በየአገሩ ተለይቶ ይቆም ስለ ነበር፣ ያ ፍርድ የሻረው የሆላንዱን ብቻ ነው።