ጀሪካን የማያድነው መኪና፦ ሙሉ ኤሌክትሪክ ፒክአፕ ወይስ ጄኔሬተር የተሸከመ?

ባለፈው ሴሚስተር በአንድ የክፍል ውይይት ላይ «ሙሉ ኤሌክትሪክ ፒክአፕ ይሻላል» ከሚለው ወገን ተሰልፌ ነበር። ክርክሬ አጭር ነበር፤ ኤሌክትሪክ ሞተር ካለ በኋላ እንደገና ኢንጂን መጫን ዘይት ለመቀየርና ፊልትሮ ለመግዛት ካልሆነ ምን ይሠራል? ከኋላ የተቀመጠ፣ አባቱ የክፍለ ሀገር ሹፌር የሆነ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቻርጁ በረሃ ላይ ቢያልቅብህ በጀሪካን ምን ይመጣልሃል?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ማታ ግን ካልኩሌተሬን ይዤ ተቀመጥኩ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ማታ ሂሳብ ነው ማለት ይቻላል።

በመጀመሪያ በቃላቱ እንስማማ። እዚህ «ኢንጂን» የምለው ነዳጅ የሚያቃጥለውን፣ «ሞተር» የምለው በኤሌክትሪክ የሚዞረውን ነው። ሙሉ ኤሌክትሪክ መኪና ያለው ባትሪና ሞተር ብቻ ነው። ርቀት ማራዘሚያ ያለው መኪና ደግሞ ጎማውን የሚያዞረው ሁልጊዜ ሞተር ሆኖ፣ ባትሪው ሲደክም አንድ ኢንጂን ተነስቶ ጄኔሬተር ያዞራል። ኢንጂኑ ከጎማው ጋር በካምቢዮም ሆነ በሌላ መንገድ አይገናኝም፤ ከተለመደው ሃይብሪድ የሚለየውም በዚህ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የዲዝል ባቡር ለብዙ አሥርት ዓመታት እንደዚሁ ሲሠራ ኖሯል፤ ፈርዲናንድ ፖርሽም በ1900ዎቹ መጀመሪያ ላይ ተመሳሳይ መኪና ሠርቶ ነበር (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ምሳሌዎቼን ከአሜሪካ ፒክአፖች የወሰድኩት ሁለቱም ዓይነት ለአንድ ዓይነት ገዢ የቀረበው እዚያ ስለሆነ ነው። በአንድ ወገን በ2022 ገበያ የወጣው ሙሉ ኤሌክትሪኩ ፎርድ ኤፍ-150 ላይትኒንግ አለ፤ ትልቁ ባትሪው 131 ኪሎዋት ሰዓት ሲሆን እስከ 515 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል ተብሎለታል። በሌላው ወገን በ2023 መጨረሻ ይፋ የሆነው ራም 1500 ራምቻርጀር ነው። 92 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ፣ 3.6 ሊትር ቪ6 ኢንጂንና 130 ኪሎዋት ጄኔሬተር አለው። ኩባንያው በባትሪ ብቻ 233፣ ከነነዳጁ 1,110 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብሏል።

አሁን ወደ ጀሪካኑ። አንድ ሊትር ቤንዚን ወደ 8.9 ኪሎዋት ሰዓት ኃይል ይይዛል። ኢንጂኑ አብዛኛውን በሙቀት ያባክነዋል፤ ሲሶው ብቻ ወደ ኤሌክትሪክ ተቀየረ ብንል በሊትር 3 ኪሎዋት ሰዓት እናገኛለን። ስለዚህ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 60 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ነዳጁ የሚመዝነው 15 ኪሎ ያህል። ይህንኑ ኃይል በባትሪ ለመያዝ 350 ኪሎ ገደማ መጫን ያስፈልጋል። ጭነት የሌለው ትልቅ ፒክአፕ በኪሎ ሜትር 0.4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ስለሚበላ አንድ ጀሪካን 150 ኪሎ ሜትር ይወስደዋል። በዚሁ ሂሳብ የራሙን ባትሪና 102 ሊትር ታንክ ስደምር 1,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ መጣልኝ። ኩባንያው ካለው ትንሽ ያንሳል፣ ግን ሩቅ አይደለም።

«ሶኬት የትም አለ» የሚል መልስ ነበረኝ። ተራ የቤት ሶኬት በ220 ቮልትና በ10 አምፔር 2.2 ኪሎዋት ይሰጣል። ያንን 131 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ከባዶ ለመሙላት ስልሳ ሰዓት ነው፤ ሁለት ቀን ተኩል፣ ያውም መብራት ካልጠፋ!

ተሳቢ ሲጨመር ነገሩ ይብሳል። ከፍ ያለ ተሳቢ ነፋሱን ስለሚጋፋ ፒክአፑ የሚሄደውን ርቀት በግማሽ ያህል ሊቀንሰው ይችላል። ይህንን የኤሌክትሪክ መኪና ብቻ ችግር አድርገው የሚያወሩ አሉ፤ ልክ አይደለም። የቤንዚን ፒክአፕም ተሳቢ ሲጎትት ነዳጁ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ የቤንዚኑ ባለቤት በአምስት ደቂቃ ሞልቶ መሄዱ ነው። የኤሌክትሪኩ ሹፌር ፈጣን ቻርጀር ቢያገኝ እንኳ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይቆማል፤ ብዙዎቹ ቻርጀሮች ደግሞ የተሠሩት ለአንድ ቤት መኪና በመሆኑ ተሳቢውን ፈቶ ጥግ ማስቀመጥ አለበት።

እስካሁን ጄኔሬተሩ ያሸነፈ ይመስላል። ዳገቱ ላይ ግን ቆም እንበል፤ ለዲፓርትመንታችን ልጆች ዋናው ትምህርት ያለው እዚህ ነው። ፒክአፑና ተሳቢው ተደምረው 8 ቶን ይሁኑ፤ ፍጥነቱ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሴኮንድ 25 ሜትር፤ ዳገቱ 6 በመቶ። ክብደቱን ወደ ላይ ለማንሳት ብቻ 8,000 × 9.81 × 0.06 × 25፣ ወደ 118 ኪሎዋት ይፈለጋል። የጎማ ሰበቃ 20፣ ነፋስ ደግሞ 20 ገደማ ይጨምራሉ። በሞተሩና በሽቦው የሚባክነውን ስናክል ከ170 ኪሎዋት ያልፋል። ጄኔሬተሩ ቢበዛ የሚሰጠው 130 ነው! ጎደሎው 40 ምናምን ከባትሪው ይመጣል። ዳገቱ ሃያ ደቂቃ ከፈጀ 14 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ማለት ነው። ሹፌሩ ባትሪውን አሟጦ ከዳገቱ ሥር ከደረሰ ታንኩ ሙሉ ቢሆንም ፍጥነቱን መቀነስ ግድ ይሆንበታል።

ይህ የወረቀት ጭንቀት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በ2014 የተሸጠው ርቀት ማራዘሚያ ያለው ቢኤምደብሊው አይ3፣ 647 ሲሲ የሆነች ባለ ሁለት ሲሊንደር ኢንጂን ነበረችው። እዚያ ኢንጂኗ የምትነሳው ባትሪው ወደ 6 በመቶ ሲወርድ ብቻ እንዲሆን ተደርጎ ስለነበር ረጅም ዳገት ላይ መኪናው ጉልበት አጥቶ ይንፏቀቅ ነበር። በአውሮፓ የተሸጠው ግን ሹፌሩ ቀደም ብሎ ኢንጂኑን አስነስቶ ቻርጁን እንዲያቆይ ይፈቅድ ነበር። ስለዚህ ገዢ ከሆናችሁ ከኪሎ ሜትሩ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ጄኔሬተሩ ሳያቋርጥ ስንት ኪሎዋት ይሰጣል? ቻርጁንስ ከዳገቱ በፊት ማቆየት ይቻላል?

ገዢውስ ምን አለ? የቮልስዋገን ግሩፕ የሆነው ስካውት በ2024 ፒክአፑን ሲያሳይ ሙሉ ኤሌክትሪኩን 560፣ ጄኔሬተር ያለውን 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ብሎ አቀረበ። በ2025 ኩባንያው እንደተናገረው ከተመዘገቡት ከ80 በመቶ በላይ የመረጡት ጄኔሬተር ያለውን ነው። (መመዝገቢያው ተመላሽ የሚሆን 100 ዶላር ስለነበር ምዝገባን ከግዢ አንቆጥረውም።) ፎርድ በ2024 የሸጠው ላይትኒንግ 33,510 ብቻ ሲሆን፣ በዲሴምበር 2025 ሙሉ ኤሌክትሪኩን ማምረት እንደሚያቆምና ቀጣዩ ላይትኒንግ ጄኔሬተር እንደሚኖረው አስታወቀ። ራምም በ2025 ሙሉ ኤሌክትሪክ ፒክአፑን ሰርዞ ስሙን፣ ማለትም 1500 አርኢቪን፣ ለራምቻርጀሩ ሰጠው።

እኔ እንደገባኝ ፒክአፕ ገዢ የሚያስበው በየቀኑ ስለሚሄደው ሠላሳና አርባ ኪሎ ሜትር አይደለም፤ በዓመት ሁለቴ ሊያጋጥመው ስለሚችለው ክፉ ቀን ነው። ያንን ቀን በባትሪ ብቻ ለመሸፈን የሞከረም አለ። ሸቭሮሌ ሲልቨራዶ ኢቪ ከ200 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ባትሪ ተሸክሞ 790 ኪሎ ሜትር ያህል ደርሷል፤ ግን ባዶውን ወደ 4 ቶን የሚጠጋ መኪና ነው።

ከጄኔሬተሩ ወገን የማይነገር ነገርም አለ። ሶኬት ላይ የማይሰካ ባለቤት እጅ ከገባ ከባድና ውድ የቤንዚን መኪና ይሆናል። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2024 እንዳወጣው በሶኬት የሚሞሉ ሃይብሪዶች መንገድ ላይ የሚያወጡት ካርቦን በላቦራቶሪ ከተመዘገበው 3.5 እጥፍ ነው፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ሰዎች ቻርጅ አለማድረጋቸው ነው። ማታ ማታ ወደ አንድ ግቢ ለሚመለስ የድርጅት መኪና ሁለት ሥርዓት መጠገን ትርፉ ድካም ነው፤ እዚያ ላይ አሁንም የድሮ አቋሜን አልለቅም።

ለእኛም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። በጃንዋሪ 2024 መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታውቋል። ከአዲስ አበባ ሞያሌ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ላይትኒንጉ ተሳቢ ጎትቶ ርቀቱ በግማሽ ቢወርድ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ መሙላት አለበት፤ ሦስተኛው ሙሌት መመለሻው ነው።

ሂሳቡን ለዚያ ልጅ ሳሳየው በደንብ አይቶ «እሺ፣ ጄኔሬተሩ ራሱ ቢበላሽስ?» አለኝ። ባትሪው እስካለ 233 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ኤሌክትሪክ መኪና ይቀርሃል አልኩት። «ባትሪውስ?» ባትሪው ከተበላሸ ሁለቱም እኩል ይቆማሉ፤ ታንኩ ሙሉ ቢሆንም።