ቆላ ድባ ላይ ለአውቶቡስ ከማዋጣትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ቆላ ድባ የሕዝብ ማመላለሻ ያስፈልጋታል ወይስ አያስፈልጋትም ብሎ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው። ጎንደር 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ሪፈር የተጻፈለት በሽተኛ፣ ነጭ ሽንኩርቱን የጫነ ገበሬ፣ ዩኒቨርሲቲ የገባች ልጁን ሊጠይቅ የተነሳ አባት፣ የሁሉም መንገድ በአዘዞ ነው። ነገሩ የሚከብደው መዋጮ ሲጠየቁ፣ አክሲዮን ይግዙ ሲባሉ ወይም ስብሰባ ላይ «የምትደግፉ እጅ አውጡ» ሲባል ነው። እኔ ደጋፊ ነኝ። ግን እጄን ከማውጣቴ በፊት የምጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉ፤ እርስዎም ይጠይቁ።

መኪናው ሳይሞላ ይነሳል ወይ?

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፤ ስብሰባ ላይ ግን እምብዛም አይነሳም። መናኸሪያ ውስጥ ረዳቱ «ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ ይጣራል፤ ገብተው ሲያዩት ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላም የቀረው ሁለት ሰው ነው። ሲሞላ ደግሞ ከልክ አልፎ ይሞላል፤ በወንበሮቹ መካከል ዱካ ይገባል፣ እግር የሚዘረጋበት ቦታ በጆንያ ይያዛል፣ ዶሮ ያቀፉት እናት ግማሽ ጎናቸውን በር ላይ አስደግፈው ይጓዛሉ። በገበያ ቀን ታሪፉን የሚያስታውስ የለም። ከመሸማ ከአዘዞ ወዲህ የሚመጣ መኪና ያገኘ ዕድለኛ ነው።

ሾፌሩን መርገም ይቀናናል። እሱ ግን ለባለንብረቱ የቀኑን ገቢ አስረክቦ፣ ነዳጁን ሸፍኖ የተረፈችው ናት የእሱ። ባዶ ወንበር ይዞ ከተነሳ የሚከስረው ራሱ ነው። አውቶቡስ በሰዓቱ ይነሳል ማለት የባዶውን ወንበር ዋጋ ሌላ ሰው ተሸከመው ማለት ነው። ማን? ወረዳው? ከተማ አስተዳደሩ? ክልሉ? የማኅበሩ አባላት? «ሥራው ራሱን በራሱ ይችላል» ካሉዎት የሚገዛው ያው ሞልቶ የሚነሳ መኪና ነው፤ አዲስ የሚሆነው ቀለሙ ብቻ። ለዚያማ ባለሀብት ሞልቶ፣ የእርስዎ መዋጮ ምን ሊሠራ?

ከተገዛ በኋላስ?

የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር ያስታውሱ። 475 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት፣ አብዛኛውም ከቻይና ኤግዚም ባንክ ተበድሮ፣ መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ቲኬቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ድሃው እንዲሳፈር መታሰቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን በቲኬቱና በወጪው መካከል ያለውን ልዩነት የሚሞላ ገንዘብ በጊዜው ካልመጣ መለዋወጫ አይገዛም። ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ የቆሙት በመለዋወጫ እጦት ነው። እንግዲህ ያን ያህል ሀብት በመለዋወጫ ከቆመ፣ የአንድ ወረዳ አውቶቡስ በጎማ ይቆማል።

ነዳጁም አለ። በሐምሌ 2014 በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም የነበረው ቤንዚን በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። ነዳጁን የሚተምነው ፌዴራል መንግሥት ነው፤ ታሪፉን የሚያወጣው ክልል። ሁለቱ እኩል ካልተራመዱ መሐል ላይ የሚቀረው የእርስዎ አውቶቡስ ነው። ስለዚህ የመኪናውን ዋጋ ሲነግሩዎት ዝም ብለው ያዳምጡና የጎማው፣ የዘይቱ፣ የመካኒኩና የሾፌሩ ደመወዝ ለሦስት ዓመት ከየት እንደሚመጣ ይጠይቁ።

ገንዘቡን የሚጠይቅዎት ማን ነው?

መዋጮ ከሆነ ከደረሰኝ በቀር የሚተርፍዎት ነገር የለም፤ ደረሰኝ ከሌለ ደግሞ ያም የለም። ለሕዝብ አክሲዮን የሚሸጥ ኩባንያ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት አክሲዮኑን በኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ማስመዝገቡንና ፕሮስፔክተስ ማውጣቱን ያረጋግጡ። የኅብረት ሥራ ማኅበር ከሆነ አንድ አባል አንድ ድምፅ ነው፤ ብዙ ያዋጣ ብዙ አይወስንም። ለእንዲህ ያለ ሥራ እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

ከዋናው መንገድ ወዲያ ያለውስ?

ቆላ ድባ ያለችበት ደምቢያ ዋልካ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጭቃው ጫማ ይነቅላል፤ ባጃጅ ወደ ውስጥ ቀበሌዎች ዝር አይልም። በ1940ዎቹ ወባ እዚህ ሜዳ ላይ ብዙ ሺህ ሰው ከጨረሰ በኋላ ነው ጎንደር ላይ የጤና ኮሌጅ የተከፈተው፤ ቆላ ድባም የተማሪዎቹ ማሠልጠኛ ሆነች። የጤና ባለሙያን ለገጠር ማሠልጠን እዚህ የቆየ ታሪክ አለው። ምጥ የያዛት ሴት ግን ዛሬም ዋናው መንገድ ድረስ በቃሬዛ የምትመጣበት ቀበሌ አለ። አውቶቡሱ ሚኒባስ ባለበት መስመር ብቻ የሚመላለስ ከሆነ ለእሷ ምንም አልተገዛላትም።

ጣናስ?

ጎርጎራ የአካባቢው ወደብ ናት። ለብዙ ዓመት የባሕር ዳሩ ጀልባ እሑድ ጠዋት ተነስቶ፣ ቁንዝላ አድሮ፣ ሰኞ ጎርጎራ ይገባ ነበር፤ ለአገር ጎብኚ ደስ ይላል፣ ጉዳይ ላለበት ሰው አይሆንም። በ2017 ደግሞ 38 ሜትር ርዝመት ያላትና 188 ሰው የምትይዘው ጣናነሽ 2 ከጅቡቲ በየብስ ተጭና ባሕር ዳር ደርሳለች። እዚህም ጥያቄው ያው ነው፦ በሳምንት ስንት ጊዜ፣ በስንት ብር? እምቦጩንም አይርሱ፤ የደምቢያ ዳርቻ ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ነው።

የሚደግፈውና የሚሳፈረው አንድ ሰው ነው?

ሎስ አንጀለስ ላይ በ2016 እ.ኤ.አ. ሕዝቡ ለትራንስፖርት ተጨማሪ የሽያጭ ታክስ እንዲከፈል ከ70 በመቶ በላይ በሆነ ድምፅ ደገፈ። በቀጣዮቹ ዓመታት ግን የአውቶቡስ ተሳፋሪው ቀነሰ። ባለመኪናው ሌላው ሰው ተሳፍሮ መንገዱን እንዲለቅለት ነው ያዋጣው ብዬ እጠረጥራለሁ። እኛ ዘንድ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ የሚሳፈረው አማራጭ የለውም፣ ሐሳቡን የሚጠየቀው ግን ሌላ ነው። የመነሻ ሰዓቱን ከሚያወጡት ሰዎች መካከል በሚኒባስ የሚሄደው ስንቱ ነው? ነጭ ሽንኩርት ነጋዴዋን የጠየቃት አለ? እሷ ከጎህ በፊት መነሳት ትፈልጋለች፤ ቢሮ በ2፡30 ይከፈታል።

የመጨረሻው ጥያቄ መንገድ ሲዘጋስ የሚለው ነው። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ ግጭት አለ፤ መኪና ለቀናት የሚቆምበት ጊዜ ብዙ ነው። የባንክ ብድር ግን አብሮ አይቆምም። ለእነዚያ ቀናት ማን እንደሚከፍል፣ መኪናው ቢጎዳ ኢንሹራንሱ እንዲህ ያለውን አደጋ ይሸፍን እንደሆነ በጽሑፍ እንዲመልሱልዎ ይጠይቁ። «እሱን በኋላ እናየዋለን» ከተባሉ እጅዎን አያውጡ፤ ቀጣዩ ስብሰባ መቼ እንደሆነ ግን ጠይቀው ይመዝግቡ።