ከአዲስ አበባ እስከ ዱባይ፤ የበረራው ርቀትና የሰዓቱ አቆጣጠር

ዕቃውን በአይሮፕላን የሚልክ ወይም የሚያስመጣ ነጋዴ ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማወቅ ይገባዋል። እነርሱም የመንገዱ ርቀት፥ የጉዞው ርዝመትና በወረቀት ላይ የተጻፈው ሰዓት ናቸው። ሦስቱን ያደባለቀ እንደ ሆነ ዕቃው ይበላሽበታል፤ ደንበኛውም ይርቀዋል። ለምሳሌ የሚሆነው፥ ብዙ ነጋዴዎች የሚመላለሱበት የአዲስ አበባና የዱባይ መሥመር ነው።

ርቀት፤ ከቦሌ እስከ ዱባይ የአይሮፕላን ማረፊያ ያለው ርቀት፥ የምድርን ክብነት ተከትሎ ሲለካ፥ 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ነገር ግን አይሮፕላን ሁልጊዜ በአጭሩ መንገድ አይበርም። የየመን ጦርነት እ.ኤ.አ. በ2015 በተስፋፋ ጊዜ ብዙ አየር መንገዶች የዚያን አገር ሰማይ ትተው በዙሪያው በረዋል። መንገዱ በረዘመ መጠን ነዳጁና ጊዜው ይጨምራል።

የጉዞ ርዝመት፤ ጄት አይሮፕላን ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት ከ850 እስከ 900 ኪሎ ሜትር ይበራል። በዚህ ስሌት ጉዞው በ3 ሰዓት ገደማ ማለቅ ነበረበት። በመርሐ ግብሩ የሚታየው ግን ወደ 4 ሰዓት የሚጠጋ ነው። ይኸውም ሰዓቱ የሚቆጠረው አይሮፕላኑ ከቆመበት ስፍራ ከተንቀሳቀሰበት ጀምሮ፥ በመድረሻው እስኪቆም ድረስ ስለ ሆነ ነው። በመሬት ላይ መንዳቱ፥ ከፍ ማለቱ፥ ተራ መጠበቁና ዝቅ ማለቱ ሁሉ ይገባበታል።

የወረቀት ሰዓት፤ የዱባይ ሰዓት ከአዲስ አበባ በ1 ሰዓት ይቀድማል። ስለዚህ 4 ሰዓት የሚፈጀው ጉዞ በወረቀት ላይ ሲሄዱ 5፥ ሲመለሱ 3 ሰዓት መስሎ ይታያል።

ከዚህም የሚበልጥ ጥንቃቄ የሚሻ ነገር አለ። በአየር መንገድ ወረቀት ቀኑ የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ነው። «ማክሰኞ 01:00» ተብሎ የተጻፈ በረራ በአገራችን አቆጣጠር ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ማለት ነው። በዚህ በረራ ሥጋ የሚልክ ነጋዴ ጭነቱን ሰኞ ቀን ማስረከብ አለበት። የማክሰኞን ሌሊት የጠበቀ እንደ ሆነ አንድ ሙሉ ቀን አልፎበታል፤ ሥጋ ደግሞ ቀን አይጠብቅም።

የዕቃ ጉዞ፤ ጭነት እንደ መንገደኛ ወዲያው ተነሥቶ አይሄድም። አስቀድሞ ይመዘናል፥ ይፈተሻል፥ የጉምሩክ ሥርዓት ይፈጸምበታል፤ በመድረሻውም እንዲሁ። ለምሳሌ ዕቃው ከበረራው 6 ሰዓት በፊት ቢሰጥና በዱባይ ለመውጣት 5 ሰዓት ቢፈጅ፥ ከበረራው 4 ሰዓት ጋር ድምሩ 15 ሰዓት ይሆናል። አይሮፕላኑ የወሰደው ከሲሶው ያነሰውን ብቻ ነው።

እንግዲህ ከደንበኛው ጋር የማስረከቢያ ቀን የሚዋዋል ነጋዴ የበረራውን ሰዓት ብቻ ቆጥሮ ቃል አይስጥ። ጭነት የሚዘጋበትን ሰዓት ከአየር መንገዱ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ቀኑንና ሰዓቱንም በሁለቱም አቆጣጠር ጽፎ ለመጋዘን ሠራተኛውና ለሾፌሩ ይስጥ።